ጀግናሽ ማን ነው? ስትባዪ «አያቴ» ለማለት አትፈሪ

«ሮል ሞዴልህ ማን ነው?» ተብሎ ያልተጠየቀ ወጣት ያለ አይመስለኝም። ትምህርት ቤት አስተማሪ ይጠይቀናል፣ ሥራ ስንፈልግ ኢንተርቪው ላይ ይመጣል፣ አሁን አሁን ደግሞ ማይክ የያዘ ልጅ መንገድ ላይ አስቁሞ ለቲክቶክ ይቀርጸናል። መልሱም ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፤ ኳስ ተጫዋች፣ ዘፋኝ፣ ባለሀብት፣ ወይም ሚሊዮን ተከታይ ያለው ሰው። ክፋት የለውም። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ያ ሰው ትኩሳት ሲይዛችሁ ሌሊት ተነስቶ አጥሚት አፍልቶላችሁ ያውቃል?

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ለብዙዎቻችን ይሄ ወርቅ አያታችን ናት። እማማ እንላታለን፣ እምዬ እንላታለን፣ እታባ የሚል አለ፣ በኦሮምኛ አኮ የሚል አለ። አጠራሩ ይለያያል፤ ሥራዋ ግን የትም ሰፈር አንድ ነው። ሰው ታሳድጋለች።

ካላመናችሁ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጀሞ፣ ለቡ፣ ላፍቶ ወይም መካኒሳ መንገድ ላይ ውጡ። ነጠላቸውን ያጣፉ፣ በአንድ እጃቸው የምሳ ዕቃ ያለበት ቦርሳ፣ በሌላው እጃቸው ደግሞ የሕፃን እጅ የያዙ እናቶች ታያላችሁ። የልጁ እናት በዚያ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ላይ ናት። አባትየው ከነጋ በፊት ወጥቷል። ልጁን አጥበው፣ አብልተው፣ አልብሰው፣ መንገድ አሻግረው ትምህርት ቤት በር ላይ የሚያደርሱት አያት ናቸው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ስንት መሥሪያ ቤት፣ ስንት ሱቅ፣ ስንት ፋብሪካ በሰዓቱ የሚከፈተው በእነዚህ አያቶች ጉልበት እንደሆነ የሚያስብ የለም። ደመወዝ የላቸውም፣ ፈቃድ የላቸውም፣ «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» ተብሎ ፎቷቸው አይለጠፍም።

ያልወለዱት የብዙዎች አያት

ጉዳዩን በአንድ ሰው ታሪክ እንየው። የክብር ዶክተር አበበች ጎበናን ስማቸውን የሰማችሁ ብዙ ናችሁ። የውጭ መገናኛ ብዙኃን «የአፍሪካ ማዘር ቴሬዛ» ይሏቸው ነበር። ታሪካቸውን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ወይዘሮ አበበች የተወለዱት በጥቅምት 1928 ዓ.ም.፣ በሸዋ፣ ሸበል አቦ በምትባል መንደር ነው። የጣሊያን ጦር ድንበር ጥሶ ከገባ ያኔ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ገበሬ የነበሩት አባታቸው በጦርነቱ ሞቱ። እናትና ልጅ ተያይዘው የሄዱት ወደ አያቶች ቤት ነው። ልብ በሉ፤ በኋላ ለስንት ወላጅ አልባ ልጅ ቤት የሆኑት ሴት፣ ራሳቸው አባት ሲያጡ መጠጊያ የሆናቸው የአያት ጎጆ ነበር።

አሥር ዓመት ሲሆናቸው ተዳሩ። ባልየው በዕድሜ እጅግ የሚበልጣቸው ሰው ነበር። ሸሽተው ቢመጡ ቤተሰብ መልሶ ወሰዳቸው። ሰውየው ሌሊት ሌሊት ክፍል ውስጥ ይቆልፍባቸው ጀመር። ልጅቷ ግን አንድ ቀን በጣሪያው ቀዳዳ ሾልካ ወጣች! አዲስ አበባ ገብታ የሚያስጠጋት ቤተሰብ አገኘች፣ ትምህርት ጀመረች፣ አድጋም ቡናና እህል ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነች። ትዳር ያዘች፣ ቤት ሠራች። ለዚያ ዘመን ሴት «አለፈላት» የሚያስብል ኑሮ ነበር።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 1980 መጣ። ወይዘሮ አበበች ወሎ ግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ ድርቅና ረሃብ የመታውን አካባቢ አቋርጠው ማለፍ ነበረባቸው። መንገዱ ዳር የወደቀ ሰው ሞልቶታል። የያዙት ዳቦና ጥቂት ሊትር ጠበል ብቻ ነበር፤ ያንኑ አከፋፈሉ። አንዲት ሴት ተኝታ ሕፃን ልጇ ጡቷን ስትጠባ አዩ። የተኛች መስሏቸው ነበር፤ ቀረብ ሲሉ እናትየው ሞታለች። አጠገቡ አስከሬን የሚሰበስብ ሰው አለ፤ እሱ ደግሞ የሕፃኗን መሞት እየጠበቀ ነው።

ወይዘሮ አበበች ሕፃኗን አንስተው በጨርቅ ጠቀለሏት። ቤታቸው ይዘዋት ገቡ። ከዚያም ተመልሰው ሄዱ። እየሞተ ያለ አንድ አባት ልጄን አድኝልኝ ብሎ ሲለምናቸው የእሱንም ልጅ ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ለሲኤንኤን እንደተናገሩት፣ የወቅቱ መንግሥት ረሃቡ እንዲታወቅበት ስላልፈለገ ልጆቹን የራሳቸው አስመስለው ነበር የሚያወጧቸው።

ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው ውስጥ 21 ልጆች ነበሩ።

እዚህ ላይ ነው ፈተናው የመጣው። መጀመሪያ ላይ የደገፏቸው ባለቤታቸው ቆይተው «ወይ እኔን ወይ ልጆቹን» አሉ። ወይዘሮ አበበች ልጆቹን መረጡ። ንብረታቸውን ትተው፣ ልጆቹን ይዘው፣ ጫካ ውስጥ ያለች አንዲት ደሳሳ ጎጆ ገቡ። ጌጣቸውን ሸጡ። እንጀራ እየጋገሩ፣ ጠጅ እየጣሉ ሸጡ። ለትምህርት ቤት የሚከፈል ገንዘብ ሲያጡ ጎጆዋ ድረስ እየመጣ የሚያስተምር ሰው ፈለጉ። ዓመታት ከቢሮ ቢሮ ተመላልሰው እ.ኤ.አ. በ1986 ድርጅታቸውን በሕግ አስመዘገቡ። ከከተማ ወጣ ብሎ የእርሻ መሬት ገዝተው ከልጆቹ ጋር አርሰው በሉ፣ የተረፈውን ሸጡ። ድርጅታቸው አጎሔልማ በከተማዋ መጸዳጃ ቤት፣ የጋራ ማብሰያና የውሃ ቦኖ ሠራ፤ ትምህርት ቤት ከፈተ። ድርጅቱ ራሱ እንደሚገምተው ከአገልግሎቱ የተጠቀመው ሰው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል።

መሥራቿ ግን ደመወዝ በልተው አያውቁም። መኝታ ክፍላቸው ከሕፃናት ማሳደጊያው ጋር የተያያዘች ነበረች። ከአብራካቸው የወጣ ልጅ አልነበራቸውም፤ ሲጠየቁም አልቆጭም ነው መልሳቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት በ85 ዓመታቸው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አረፉ። ያሳደጓቸው ልጆች ወልደው ከብደዋል። አንድም ልጅ ያልወለዱት ሴት በዚህ መንገድ የብዙዎች አያት ሆኑ።

ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ወይዘሮ አበበች ያን ቀን «ፈንድ ሳገኝ እጀምራለሁ» አላሉም። ፕሮፖዛል አልጻፉም። በእጃቸው ዳቦና ውሃ ነበር፤ በዳቦና በውሃ ጀመሩ። አብዛኛዎቹ አያቶቻችንም የኖሩት እንደዚሁ ነው። ባለው መጀመር።

ሳይንሱም ከአያት ጋር ነው

«ይሄ ስሜት ነው፤ አያቱን የማይወድ ማን አለ?» የሚል ይኖር ይሆናል። እሺ፣ ወደ ጥናት እንሂድ።

ምሂሪ ጊብሰንና ሩት ሜስ የተባሉ ሁለት እንግሊዝ አገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች አርሲ ኦሮሞ ገበሬዎች መካከል ጥናት አድርገው እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመው ነበር። ጥያቄያቸው ቀላል ነው። ማን በአቅራቢያ ሲኖር ነው ሕፃናት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የሚጨምረው? መልሱ አያት ሆነ፤ በተለይ የእናት እናት። ምክንያቱም ተአምር አይደለም። አያት ቤት ብቅ ስትል ከባድ ከባዱን የቤት ሥራ ከልጇ ትከሻ ላይ ታነሳለች፤ የወለደችው እናት ትንሽ ትተነፍሳለች፣ ልጇን ታያለች። በቃ። አንድ እንስራ ውሃ፣ አንድ ሸክም እንጨት የልጅ ነፍስ ያተርፋል ማለት ነው።

ታንዛኒያ ውስጥ ደግሞ ሃድዛ የሚባሉ፣ ከአደንና ሥራሥር በመልቀም የሚኖሩ ሕዝቦች አሉ። ክሪስተን ሆክስ የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት እነሱ ዘንድ ሄዳ ያየችው አሮጊቶች ቁጭ ብለው ሲጦሩ አይደለም፤ ጠንካራ መሬት ቆፍረው ሥራሥር እያወጡ የልጅ ልጆቻቸውን ሲመግቡ ነው። ከዚህ ተነስታ የሰው ልጅ ሴት መውለድ ካቆመች በኋላ ብዙ ዓመት የምትኖርበት አንዱ ምክንያት አያትነት ነው የሚል መላምት አቀረበች። ሁሉም ሳይንቲስት አይስማማበትም፤ ግን እስካሁን የሚያከራክር ትልቅ ሐሳብ ሆኗል።

ሦስተኛው ምሳሌ ለእኛ ዘመን ቅርብ ነው። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር። ታካሚው ብዙ፣ ሐኪሙ በጣት የሚቆጠር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ምባሬ በሚባል ሰፈር 14 አያቶችን ይዞ ሥራ ጀመረ። አያቶቹ አጠር ያለ ሥልጠና ወስደው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ የከፋው ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ያወራል፤ እነሱ ይሰማሉ። «ድብርት» የሚለውን የሐኪም ቃል ትተው በሾና ቋንቋ «ሐሳብ ማብዛት» የሚለውን የሰፈር ቃል ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት መካከል 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ግን 50 በመቶ ገደማ።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የኛው ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስት ዙር ሙሉ ሰው የሚሰማበት ወንበር ከእኛ ቤት መቼ ጠፋ? አያት ረከቦት ፊት ቁጭ ብላ «ምነው ፊትህ ልክ አይደለም» ስትልህ ያው የምክር አገልግሎት ነው እኮ። እኛ ነን ስልካችንን ይዘን «ምንም አልሆንኩም» ብለን የምናልፈው።

አራተኛ ፎቅ ላይ የቀሩ ጀግኖች

እስካሁን ያወራሁት ስለ ውለታቸው ነው። አሁን ስለ ዕዳችን እናውራ።

ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተገነቡት ኮንዶሚኒየሞች ብዙ ሰው የራሱ ቤት ባለቤት ሆኗል። ንፋስ ስልክ ላፍቶም ጀሞን የሚያህል ትልቅ ሳይት አለው። ዕጣ ሲወጣ እልልታ ነበር፤ ይገባልም። ነገር ግን ብሎኮቹ ምድሩን ጨምሮ አምስት እርከን አላቸው፤ ሊፍት የላቸውም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው የ75 ዓመት እናት አራተኛ ፎቅ ቢደርሳቸው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ መሄድ ፕሮጀክት ይሆናል። ጎረቤት ለቅሶ መድረስ ፕሮጀክት ይሆናል። ፀሐይ መሞቅ እንኳ ደረጃ ያስቆጥራል።

ከደረጃው የሚብሰው ደግሞ ሰው ማጣቱ ነው። ከመሃል ከተማ ተነስተው ወደ ዳር የመጡ አያቶች ጥለው የመጡት የጭቃ ቤት ብቻ አይደለም። አርባ ዓመት ያዋጡበትን ዕድር፣ የማኅበር ጓደኞቻቸውን፣ በር ሳያንኳኩ የሚገቡበትን ጎረቤት ነው። እርግጥ ነው ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ድግስ የሚደገስበት የጋራ ቤት አብሮ ተሠርቷል። አዲስ ዕድር የተመሠረተባቸው ብሎኮችም ሞልተዋል፤ ብዙ ጊዜ ከቤት ቤት ዞረው ሰው የሚያሰባስቡት ራሳቸው አያቶቹ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት እነሱ ዘንድ ተረት አይደለም። ግን ጉልበቱ የከዳት አያት ከላይኛው ፎቅ መስኮት ላይ ሆና ግቢውን ከማየት ውጪ ምን አማራጭ አላት?

ገንዘቡም ሌላ ጉዳይ ነው። ጡረታ የሚከፈለው መዋጮ ሲከፈልለት ለኖረ ተቀጣሪ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጨምሯል፤ ትልቅ እርምጃ ነበር። ጉሊት ቸርችራ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልብስ አጥባ ልጆቿን ላስተማረች ሴት ግን የጡረታ ደብተር የላትም። የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራሙ መሥራት ለማይችሉ በጣም ድሃ አረጋውያን ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሁሉንም ግን አይደርስም። ስለዚህ የብዙ አያት ጡረታ ልጅና የልጅ ልጅ ነው። እሱም ካስታወሰ።

ሁሉንም ውረሱ አላልኩም

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። አያቴ ጀግናዬ ናት ማለት የዘመኗን ሁሉ እንቀበል ማለት አይደለም። የወይዘሮ አበበችን ታሪክ መለስ ብላችሁ እዩት። መጠጊያ የሆናቸው ያው ቤተሰብ ነው በአሥር ዓመታቸው የዳራቸው። ክፋት አልነበረም፤ የወጉ ነገር ሆኖባቸው ነው። ግን ልክ አልነበረም። ዛሬ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለወንድም ለሴትም የጋብቻን ትንሹን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። ስንቶቹ አያቶቻችን ናቸው «እኔ ሳላውቅ ተዳርኩ፣ አንቺ ግን ተማሪ» ብለው እናቶቻችንን ትምህርት ቤት የላኩት? እኔ ጀግንነት የምለው ይሄንን ነው። የደረሰባቸውን በደል ወደ ልጃቸው አላሳለፉም፤ እነሱ ላይ አቆሙት።

ስለ ትምህርትም ካነሳን፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የምታስታውስ አያት ካለቻችሁ ጠይቋት። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ ሲሆን በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቶ ነበር። ቀን ሥራ ውለው፣ ልጅ አዝለው፣ በኩራዝ ፊደል የቆጠሩ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ስልኳን አርቃ ይዛ የልጇን ስም ፊደል በፊደል እየለቀመች የምትደውል አያት ስታዩ አትሳቁ። ያቺን «ሀ» ለማወቅ የከፈለችውን አታውቁም።

ስልካችሁ ለአያታችሁ ምን ይሠራል?

«ንፋስ ስልክ» የሚለው ስም የመጣው ያለ ሽቦ፣ በነፋስ ከሚያስተላልፈው የድሮ መገናኛ ነው። በሽቦ አልባ ስልክ ስም የተጠራ ክፍለ ከተማ ልጆች ሆነን፣ ሽቦ አልባውን ስልካችንን ለዚህ ካልተጠቀምንበት ለምን ይሆናል? ብዙ ነገር አልጠይቃችሁም።

አንደኛ፣ ቅረጿት። ቪዲዮ ባትወድ ድምፅ ብቻ ይበቃል። የት ተወለድሽ? በስንት ዓመትሽ ተዳርሽ? አዲስ አበባ በምን ገባሽ? መጀመሪያ የገዛሽው ዕቃ ምን ነበር? መቼ ፈራሽ? ሃያ ደቂቃ ስጧት፤ ሁለት ሰዓት ታወራችኋለች። ፋይሉን ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል። ለእህት ወንድም ላኩት፣ ኢሜይል ላይ አስቀምጡት። ፈቃዷን ሳትጠይቁ ግን ፖስት አታድርጉ። ላይክ የሚያመጣ ኮንቴንት አይደለችም፤ አያታችሁ ናት።

ሁለተኛ፣ ለራሷ ደውሉላት። ለእናታችሁ ደውላችሁ «እማማንም ሰላም በይልኝ» ማለት አይቆጠርም። ከዱባይም ሆነ ከዋሽንግተን የምታነቡ ካላችሁ ይሄ እናንተንም ይመለከታል። ብር መላክ ጥሩ ነው፤ ድምፅ ግን በባንክ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ደረጃ አውርዷት። ቅዳሜ አንድ ሰዓት። ክንዷን ይዛችሁ፣ በየፎቁ እያሳረፋችሁ፣ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ወንበር አስቀምጡላት። ጎረቤት ብሎክ ያሉ እኩዮቿንም አምጡ። ዚምባብዌ የሠራው ወንበር ጀሞ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

አራተኛ፣ አያት የሌላችሁ የሌላውን አያት እዩ። ከእናንተ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ካሉ፣ ዳቦ ልትገዙ ስትወርዱ «እማማ፣ የሚገዛ ነገር አለ?» ማለት አምስት ደቂቃ ነው። ወይዘሮ አበበች ያነሷት ሕፃን ዘመዳቸው አልነበረችም።

ጀግና ሲባል ሐውልት የሚቆምለት ብቻ እየመሰለን ነው የምንቸገረው። ሐውልት የሚቆመው ደግሞ ሰውየው ካለፈ በኋላ ነው፤ አይሰማም። አያት ግን ትሰማለች። ጆሮዋ ትንሽ ከብዶ ከሆነ ጮክ በሉ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ወደ ስልክ ቁጥሮቻችሁ ግቡና ስሟን ፈልጉ። ምናልባት «ምነው በሰላም ነው የደወልከው?» ትላችሁ ይሆናል። ከተደወለላት ስለቆየ ነው።